«ልጄን ከሃይማኖት ትምህርት ክፍሉ ላስወጣው?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ለንደን ነው። የስምንት ዓመት ልጄ ትምህርት ቤት ውስጥ ስለ እስልምና፣ ስለ ሂንዱና ስለ ሲክ እምነት ይማራል። አሁን ደግሞ የሲኮችን ቤተ ጸሎት ሊያስጎበኟቸው ነውና የፈቃድ ወረቀት ፈርሚ ተብያለሁ። ጓደኞቼ «ደብዳቤ ጽፈሽ ከክፍሉ አስወጪው፤ ሃይማኖቱን ያስጥሉታል» ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ለልጅሽ ሃይማኖት መጨነቅሽ ደስ አሰኝቶኛል። ስለ ጾሙ፣ ስለ ጸሎቱና ስለ ማቁረቡ አንቺው ታውቂያለሽና እሱን ልለፈው።

ደብዳቤ የመጻፍ መብት አለሽ። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ1944ቱ የትምህርት ሕግ ጀምሮ ወላጅ ልጁን ከሃይማኖት ትምህርት ማስወጣት ይችላል። ይሁንና አልመክርሽም። የ1988ቱ ሕግ ትምህርቱ የአገሪቱ የሃይማኖት ትውፊት በዋናነት ክርስቲያናዊ መሆኑን እንዲያሳይ፣ ሌሎቹን ዋና ዋና ሃይማኖቶችም እንዲያካትት ያዛል። እንግዲህ ልጅሽን ጨርሰሽ ብታስወጪው ስለ ጌታ ልደትና ትንሣኤ በሚነገርበት ሰዓትም አይኖርም ማለት ነው። እጁን አውጥቶ «እኛ ፋሲካን እንዲህ እናከብራለን» የሚል አንድ የተዋሕዶ ልጅ ከዚያ ክፍል ይጎድላል።

ለዓመታት ደጋግሞ የገጠመኝ ስሕተት ማወቅን ከማመን ጋር መቀላቀል ነው። የሌላው እምነት በጆሮ ከገባ የራሳችን ከልብ የሚወጣ ይመስለናል። ነቢዩ ዳንኤልን ተመልከቺ። በባቢሎን የከለዳውያንን ትምህርትና ቋንቋ እንዲማር ታዘዘ (ዳን. 1፥4)፤ ተማረም። በንጉሡ መብል ላለመርከስ ግን በልቡ ቆረጠ (1፥8)። ትምህርቱን ተቀብሎ ማዕዱን ተወ። ቅዱስ ጳውሎስም በአቴና እየዞረ የሚያመልኩትን ሁሉ ስላየ ነው ከአንድ መሠዊያቸው ተነሥቶ ወንጌልን የሰበከው (የሐዋ. 17፥23)። ዓይኑን ጨፍኖ ቢያልፍ ኖሮ ከየት ይጀምር ነበር?

ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ፈርሚ። በጉርድዋራው፣ ማለትም በሲኮቹ ቤተ ጸሎት፣ ጫማ አውልቁ ይባላሉ፤ ለልጅሽ ይህ አዲስ አይደለም። ወንዶቹም ጭምር ራሳቸውን ይሸፍናሉ፤ እዚህ ላይ ግራ ሊገባው ስለሚችል የእንግዳ ጨዋነት መሆኑን ቀድመሽ አስረጂው። በመጽሐፋቸው በጉሩ ግራንት ሳሂብ ፊት ምእመናኑ ይሰግዳሉ፤ ልጅሽ አይሰግድም። ከዱቄት፣ ከቅቤና ከስኳር የተሠራ ጣፋጭም በጸሎታቸው ተባርኮ ለመጣው ሁሉ ይታደላል። ሲኮች ምስል አያመልኩም፤ ቢሆንም እኛ ጸበል ጻዲቃችንን በጸሎት እንደምንቀበል፣ በሌላ አምልኮ የተባረከውን አንካፈልም። በትሕትና «አመሰግናለሁ፣ ይቅርብኝ» ይበል። ለመምህርቱም ከጉብኝቱ በፊት ንገሪያት።

አንድ ነገር ግን ጠበቅ አድርጌ ልንገርሽ። ስለነዚህ ሰዎች ያልሆነውን ለልጅሽ አትንገሪ። ቡና ላይ ተቀምጠን «ሙስሊሞች እንዲህ ናቸው፣ ሂንዱዎች እንዲያ ናቸው» የምንለውን ልጆቹ ይሰማሉ። «በባልንጀራህ ላይ በሐሰት አትመስክር» የሚለው ትእዛዝ (ዘጸ. 20፥16) የባልንጀራው እምነት ሌላ ስለሆነ አይሻርም። ልጁ ነገ ክፍል ውስጥ እውነቱን ሲሰማ የሚጠረጥረው አንቺን ነው። አንቺን ከጠረጠረ ደግሞ ስለ ክርስቶስ የነገርሽውንም ይጠረጥራል።

«እማዬ፣ ሁሉም ሃይማኖት አንድ ነው» ብሎ ቢመጣ አትቆጪው። ሰውን ሁሉ እንወዳለን፤ እምነቱ ግን አንድ አይደለም፤ ጌታችን «እኔ መንገድና እውነት ሕይወትም ነኝ» ብሏል (ዮሐ. 14፥6) በዪው። የስምንት ዓመት ልጅ ይህ አይከብደውም። የጓደኛውን እናት ይወዳል፤ የወለደችው ማን እንደሆነች ግን አይምታታበትም።

እኔን የሚያሳስበኝ የቤታችን ዝምታ ነው። በሰንበት ትምህርት ቤት የማስተምረው የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ በዐቢይ ጾም አንድ እሑድ ሌሎቹ እስኪወጡ ጠብቆ ቀረበኝ። አንገቱን ደፍቶ የጫማውን ማሰሪያ ይነካካል። «ሙስሊሙ ጓደኛዬ ረመዳንን ለምን እንደሚጾም ነገረኝ። አንተስ ለምን ትጾማለህ ሲለኝ የምለው አጣሁ። እናቴን ብጠይቃት ‹ዝም ብለህ ጹም› አለችኝ» አለኝ። ያ ልጅ ከጓደኛው ሃይማኖት ምንም ጉዳት አልደረሰበትም፤ ከገዛ ቤቱ መልስ አጥቶ ነው የመጣው። ኢያሱ ዐሥራ ሁለቱን ድንጋዮች ከዮርዳኖስ ሲያስወጣ ልጆች «እነዚህ ምንድር ናቸው?» ብለው እንዲጠይቁ፣ አባቶችም እንዲመልሱ ነበር (ኢያ. 4፥6-7)። እኛ ድንጋዩን ብቻ ተክለን ጠያቂውን ዝም እናሰኛለን።

ልጅሽ ከጉብኝቱ ሲመለስ «ምን አየህ?» በዪው፤ ሳታቋርጪ ስሚው። ጨርሶ ሲያበቃ «እኛስ ቤተ ክርስቲያን ጫማችንን ለምን እናወልቃለን?» ብለሽ ጠይቂው። ካላወቀ ዘጸአት 3፥5ን አብራችሁ ክፈቱ። አማርኛው ከከበደው እሱ በእንግሊዝኛ ያንብብልሽ፤ አንቺ ደግሞ በአማርኛ ድገሚለት።