ለጀማሪ ድምጻውያን፦ ከባንድ ጋር መተንፈስን ልመዱ

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ቀረጻ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ዛሬ አብዛኞቻችሁ ስትመጡ ሙዚቃው ተሠርቶ አልቋል። ማዳመጫ ታጠልቃላችሁ፣ ስንኝ በስንኝ ትቀዳላችሁ፣ የተበላሸውን እናስተካክላለን። ሥራው ይቀላል፤ ግን በዚህ ብቻ ያደገ ድምጻዊ ከትንፋሽ መሣሪያ ነፊዎች ጎን ቆሞ መዝፈን ይቀርበታል። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

በፈረንጆቹ 1930ዎቹና 1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ቢግ ባንዶች፣ ማለትም ብዙ ነፊዎች ያሏቸው ትልልቅ የጃዝ ባንዶች፣ የቀዷቸውን የስዊንግ (የዳንስ ጃዝ) ሸክላዎች እስቲ ስሙ። ያኔ ቀረጻ ማለት ሁሉም በአንድ ክፍል፣ በአንድ ጊዜ ነው። አንዱ ከሳተ ሁሉም እንደገና ይጀምራል። የሸክላው አንድ ገጽ የሚይዘው 3 ደቂቃ ያህል ነው። ከዚያችም ላይ ብዙ ጊዜ ባንዱ ቀድሞ ዜማውን ይጫወታል፤ ዘፋኙ ተራውን ይጠብቃል።

አሜሪካዊው ድምጻዊ ፍራንክ ሲናትራ በ1940 መጀመሪያ የቶሚ ዶርሲን ባንድ ሲቀላቀል ገና 24 ዓመቱ ነበር። ዶርሲ የትሮምቦን፣ ማለትም የረጅም ተንሸራታች ቱቦ ያለው የነሐስ ትንፋሽ መሣሪያ፣ ነፊ ነው። ረጅም ዜማ ሳይቆርጥ ይነፋል። ሲናትራ መድረክ ላይ ከኋላው ተቀምጦ፣ መቼ እንደሚተነፍስ ለማወቅ ጀርባውን ያየው ነበር። ኮቱ እንኳ ንቅንቅ አይልም! ኋላ ነገሩ ገባው፤ ዶርሲ በከንፈሩ ጥግ፣ በጠባብ ቀዳዳ፣ ቶሎ ቶሎ አየር ይስባል። ሲናትራም ይህንኑ ያዘ። ውኃ ውስጥ ጠልቆ እየዋኘ ሳንባውን አጠነከረ። በዚያው ዓመት ከባንዱ ጋር በቀዳቸው ሸክላዎች ላይ ስንኝ ከስንኝ ሲያያይዝ ትሰማላችሁ። የዘፈን መምህሩ ትሮምቦን ነበር ብል አላጋነንኩም።

አሜሪካዊቷ የጃዝ ድምጻዊት ኤላ ፊትዝጄራልድም ያደገችው በድራመሩ በቺክ ዌብ ባንድ ውስጥ ነው። በ1938 የልጆች ዜማ ይዛ ገብታ ትልቅ ዘፈን አደረገችው። ሙዚቀኞቹ በድምፃቸው ይጠይቋታል፣ እሷ ትመልሳለች፤ ልክ እንደኛ አቀንቃኝና ተቀባይ። ጥላሁን ገሠሠም ቢሆን ከክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ጋር ነው የሠራው።

አሁን ቢግ ባንድ ከየት ይመጣል ትሉኝ ይሆናል። አንድ ሳክስፎን ነፊ ይበቃል። ዘፈናችሁን ይንፋላችሁ። የት የት እንደሚተነፍስ ግጥማችሁ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ከዚያ እዚያው ቦታ ላይ ብቻ እየተነፈሳችሁ ዝፈኑት። ሲሆንላችሁ ነፊውን ይዛችሁ ኑ፤ አንድ ላይ እቀዳችኋለሁ።