የመጀመሪያ ሲኤንሲ ልትገዙ ላሰባችሁ ልጆች

ሰሞኑን አንድ ልጅ "ጋሼ፣ አነስ ያለች ወርክሾፕ አለችኝ፣ የመጀመሪያ ሲኤንሲ ራውተሬን ልገዛ ነው፣ 6090 ይሻለኛል ወይስ 1325?" ብሎ ጠየቀኝ። ሲኤንሲ ራውተር በኮምፒውተር እየታዘዘ እንጨት የሚቆርጥና የሚቀርጽ ማሽን ነው። ቁጥሩን ለማታውቁት፣ የመጀመሪያው 60 በ90 ሳንቲ የሚሰራ ነው፣ ሁለተኛው 1.3 በ2.5 ሜትር፣ ሙሉ ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀ ሰሌዳ) የሚያስተኛው ማለት ነው። ልመልስለት ብዬ ጀመርኩና ቆጨኝ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስፋቱን ነው፣ የኛ ሰውዬም የጠየቁት እሱኑ ነበር።

ያኔ የምሰራላቸው ሰው፣ ጋሼ ነበር የምንላቸው፣ እጃቸው የተባረከ የእንጨት ቅርጽ ባለሙያ ነበሩ። መሮ ሲስሉ ድንጋይ ይቀያይራሉ፣ ስለቱን የሚፈትሹት የክንዳቸውን ጸጉር ላጭተው ስለሆነ ግራ ክንዳቸው ሁሌ መላጣ ነበር (የዛሬ ልጆች መሮ መሳል ቀርቶ አያያዙንም አያውቁትም፣ ይሄን ስል ማርጀቴ ገብቶኛል)። እና እሳቸው ትልቁን ገዙ። ቤዱ (እንጨቱ የሚተኛበት) ሰፊ፣ ስፒንድሉ (መቁረጫውን የሚያዞረው ሞተር) በውሃ የሚቀዘቅዝ 2.2 ኪሎዋት፣ ዙሩ በደቂቃ እስከ 24000፣ ወረቀቱ ላይ እንከን አይወጣለትም። ጋንትሪው (ስፒንድሉን ተሸክሞ የሚሄደው ድልድይ) ግን ቀጭን አሉሚኒየም፣ የሚሄድበትም ክብ ዘንግ ነበር። ያንን ማን አየው።

የመጀመሪያው ሥራ የበር ፓነል ነበር፣ ጠንካራ እንጨት። ቢቱ (መቁረጫው) ገና እንጨቱን ሲነካ ማሽኑ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ ጠርዙ ላይ ሞገድ የሚመስል ምልክት ይተዋል። ፊዱን፣ ማለት የሚሄድበትን ፍጥነት፣ ቀነስን። ቀነስን ቀነስንና በደቂቃ 1500 ሚሊ ላይ ስንደርስ መንቀጥቀጡ ተወን፣ በሱ ፈንታ ጭስ መጣ። እንጨቱ ጠቆረ ቢቱ ሰማያዊ ሆነ፣ እኛ ደግሞ የፈጠንን መስሎን አሁንም ቀነስን፣ ጭራሽ ባሰበት። ቢቱ ነው ተባለ፣ ተቀየረ፣ ያው። እንጨቱ አልደረቀም ተባለ፣ ሌላ መጣ፣ ያው። ጋሼ አጠገቡ ቆመው ጭሱን ያያሉ፣ አንድም ቃል አይወጣቸውም። መጨረሻ ላይ በማይረባ ዋጋ ሸጡትና ፓነሎቹን ቁጭ ብለው በመሮ ጨረሷቸው፣ ከዛ ወዲያ ስለ ማሽን ወሬ ሲነሳ ተነስተው ይወጡ ነበር።

የሚያንገበግበኝ ነገሩ ተራ ማካፈል መሆኑ ነው፣ እኔም የገባኝ ጋሼ ካረፉ በኋላ። ፊዱን ለስፒንድሉ ዙርና ለቢቱ የስለት ብዛት ስታካፍሉት አንዱ ስለት በአንድ ዙር ምን ያህል እንደሚቆርጥ ይነግራችኋል። 1500 ሲካፈል ያኔ ለምናዞረው 18000፣ ከዛ ለ2 ስለት፣ 0.04 ሚሊ ገደማ። ይሄ ማሸት ነው እንጂ መቁረጥ አይደለም፣ ሙቀቱን ይዞ የሚወጣ ወፍራም ፍቅፋቂ ስለሌለ ሙቀቱ እዛው ቢቱ ላይ ይቀራል። ዙሩን ወደ 10000 አውርደን ባለ አንድ ስለት ቢት ብናስር ኖሮ በዛው ፊድ 0.15 እናገኝ ነበር። በዛው ማሽን!

ማሽኑ ጥሩ ነበር እያልኩ ግን አይደለም። ጠንከር ያለ ጋንትሪ ቢኖረው በደቂቃ 5000 ሚሊ እየሄደ ያንኑ ቢት ያለ ችግር ይገፋው ነበር። ስለዚህ ማሽን ልታይ ስትሄድ የስፒንድሉ ሞተር ጠፍቶ፣ ጋንትሪውን የሚነዱት ሞተሮች ግን ይዘው እንደቆሙ፣ ስፒንድሉን ያዝና ወደ ጎን ወደ ፊት ግፋው፣ ዲያል ጌጅ (ትንሽ መነቃነቅ የሚለካ ባለ ቀስት መለኪያ) ካገኘህ አስደግፍበት፣ በእጅህ የሚላወስ ከሆነ እንጨት ላይ ይብሳል። አራት ማዕዘኑ ሊኒየር ጋይድ (ጋንትሪው የሚንሸራተትበት ሐዲድ) ከክብ ዘንግ ይሻላል። ቦልስክሩ (እየዞረ ጋንትሪውን የሚገፋው ረጅም ብሎን) ለትንሽ ማሽን ምርጥ ነው፣ ሲረዝም ግን በፍጥነት ሲዞር ስለሚወዛወዝ ትልልቆቹ ላይ ራክና ፒኒየን (ጥርስ ያለው ሐዲድና በሱ ላይ የሚዞር ባለ ጥርስ ጎማ) ይሁን። ስፒንድል ላይ ብዙ አትጨነቁ፣ ኋላ ይቀየራል፣ ፍሬም ግን አይቀየርም።

አሁን ልጆቹ ቪዲዮ አይተው ነው የሚገዙት፣ ቪዲዮው ላይ ደግሞ ማሽኑ ሁሌ ለስላሳ እንጨት ነው የሚቆርጠው። እውነቱን ለመናገር እኔም የማካፈሉን ነገር የተማርኩት ከቪዲዮ ነው።

ለዛ ልጅ ትንሿን ግዛ ልለው ነበር፣ ከባዷን 6090። ከዛ ቁምሳጥን ነው የምሰራው ሲለኝ ሃሳቤን ወደ ትልቁ ቀየርኩ፣ ሙሉ ኤምዲኤፍ በመጋዝ እየከፈለ ካስገባማ ሲኤንሲው ምን ሊሰራለት ነው። ቅርጽ፣ ጽሑፍ፣ ትንንሽ እቃ ለሚሰራ ግን ትንሿ ትበቃለች።

ስለ መነጽርና ጆሮ መሸፈኛ አልናገርም፣ ታውቁታላችሁ። ሰጋቱራ የሚስበውን መሳሪያ ግን ከማሽኑ ዋጋ ጋር ደምራችሁ አስቡት፣ በኋላ እገዛዋለሁ ያለ ሰው ሲገዛ አላየሁም። የእንጨት ብናኝ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጠ ቆይቷል፣ የኤምዲኤፉ ደግሞ ደቃቅ ስለሆነ አየር ላይ ብዙ ይቆያል።

ሻጩ ጋ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። 500 በ500 ሚሊ የሆነ ካሬ አስቆርጡና ሰያፉን (ከጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ) በሁለቱም በኩል ለኩ፣ ሁለቱም 707 ገደማ መምጣት አለባቸው። ከተለያዩ ጋንትሪው ስኳድራ (ቀጥ ያለ ማዕዘን) አልገባም። ክብም አስቆርጡ፣ ሞላላ ሆኖ ከወጣ የሆነ ቦታ ልቅ ሊሆን ይችላል። "እናንተ ጋ ስንተክለው ይስተካከላል" ካላችሁ ሻጩ፣ እሺ በሉት፣ ቀሪውን ክፍያ ግን ተክሎ ካሬውን እስኪቆርጥላችሁ ያዙት።