ቤቴን ልሽጠው? የሐዋርያት ዘመን ክርስቲያኖችና ንብረታቸው

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይድረስዎ። በብዙ ዓመት ቁጠባ ያገኘኋት አንዲት ኮንዶሚኒየም አለችኝ። ሁለት ልጆቼን ይዤ እኖርባታለሁ። በቅርቡ በአንድ የጸሎት መርሐ ግብር ላይ የተዋወቅሁት አስተማሪ «የሐዋርያት ዘመን ክርስቲያኖች ያላቸውን ሁሉ ሸጠው በሐዋርያት እግር ሥር አኖሩ። እምነትሽ እውነት ከሆነ አንቺም ሸጠሽ ለአገልግሎቱ አምጪ» አለኝ። እንቅልፍ አጣሁ። ቤት መያዜ ኃጢአት ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ መጀመሪያ እንቅልፍሽን ተኚ። ቤትሽ ኃጢአት አይደለም።

ሰውዬው የጠቀሰልሽ ቃል በርግጥ ተጽፏል። የሐዋርያት ሥራ 2 እና 4 ላይ ምእመናን መሬታቸውንና ጥሪታቸውን እየሸጡ ያካፍሉ ነበር። የቆጵሮሱ በርናባስ እርሻውን ሸጦ ገንዘቡን አምጥቷል። ሰውዬው ግን ቀጣዩን ምዕራፍ አላነበበልሽም። እዚያ ሐናንያና ሰጲራ አሉ። መሬት ሸጡ፣ ከዋጋው አስቀሩ፣ ከዚያ ሁሉንም ያመጡ መስለው ቀረቡ። ቅዱስ ጴጥሮስ ሐናንያን ምን አለው? «ሳትሸጠው የአንተ አልነበረምን? ከሸጥኸውስ በኋላ በሥልጣንህ አልነበረምን?» ልብ በይ። ባይሸጠው የሚጠይቀው አልነበረም። ሸጦ ግማሹን ቢያስቀርም መብቱ ነበር። ጉድ የሠራው ውሸቱ ነው።

ደግሞስ ሁሉም ቤቱን ቢሸጥ የት ይሰበሰቡ ነበር? ያኔ ጉልላት ያለው ሕንፃ የለ። እንጀራ የሚቆርሱት በየቤታቸው ነው። ቅዱስ ጴጥሮስ በሌሊት ከወኅኒ ሲወጣ የሄደው ወደ ማርቆስ እናት፣ ወደ ማርያም ቤት ነው። ብዙ ሰው ተሰብስቦ ይጸልይ ነበር። ደጁን ሲያንኳኳ ሮዴ የምትባል ገረድ መጣች። ድምፁን ለየችው። ከደስታዋ ብዛት ሳትከፍትለት ወደ ውስጥ ሮጠች። «አብደሻል» አሏት። እሱ ምስኪኑ ደጅ ቆሞ ያንኳኳል። ይህን ባነበብሁ ቁጥር ሳልስቅ አላልፍም። የማርያም ቤት ግን አልተሸጠም፣ ለዚያ ሌሊት ደረሰ። በፊልጵስዩስም ቀይ ሐር ሻጯ ልድያ ከተጠመቀች በኋላ «ወደ ቤቴ ገብታችሁ ኑሩ» ብላ እነጳውሎስን ግድ አለቻቸው። ቤትሽን ሽጪው ያላት የለም።

ታዲያ የሸጡትስ ለምን ሸጡ? በመካከላቸው ችግረኛ እንዳይኖር ነው። ገንዘቡ የት እንደገባም ይታይ ነበር። በኢየሩሳሌም መበለቶች የዕለት ምግብ ይሰጣቸዋል። የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ተዘለሉ ተብሎ ማጉረምረም ሲነሣ፣ ሐዋርያት «እምነት የላችሁም» ብለው አላሸማቀቁም። እስጢፋኖስን ጨምሮ ሰባት ሰዎች አስመረጡና ሥራውን አስረከቡ። በቀላውዴዎስ ቄሣር ዘመን ረኀብ ሲሆን የአንጾኪያ ምእመናን ለይሁዳ ወንድሞቻቸው ያዋጡት እያንዳንዱ እንደ አቅሙ ነው። ልጆችሽን ሜዳ ላይ በትነሽ ስጪ የሚል አንድም ቦታ አታገኚም። እንዲያውም ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ፣ ለገዛ ቤተሰቡ የማያስብ ሃይማኖትን ክዷል ይላል።

በነገራችን ላይ እነዚያን ሰዎች መላእክት አድርገን መሳላችን ነው የሚያስበላን። ቆሮንቶስ ላይ ለጌታ እራት ተሰብስበው አንዱ ይራባል፣ ሌላው ይሰክራል። ጳውሎስ በዚህ አላመሰግናችሁም አላቸው።

ለአንቺ ጉዳይ ከሁሉ የሚቀርበው ግን ዲዳኬ ነው። ከሐዋርያት ዘመን ብዙም ያልራቀች ትንሽ የሥርዓት መጽሐፍ ናት። የግሪክኛ ቅጂዋ እ.ኤ.አ. በ1873 ቁስጥንጥንያ ውስጥ ተገኘ። ረቡዕና ዓርብ ጹሙ የምትል፣ የእኛን ጾም የምታውቅ መጽሐፍ ናት። ያኔም ከከተማ ከተማ የሚዞሩ ሰባኪዎች ነበሩ። ከእነሱ መሐል እውነተኛው አለ፣ አጭበርባሪውም አለ። መለያው እንዲህ ነው፦ ሲመጣ እንደ ጌታ ተቀበሉት። አንድ ቀን ይደር፣ ካስፈለገ ሁለት። ሦስት ቀን ከቆየ ሐሰተኛ ነቢይ ነው። ሲሄድ ለመንገዱ እንጀራ ብቻ ይያዝ። ገንዘብ ከጠየቀ ሐሰተኛ ነቢይ ነው። ለሌላ ችግረኛ ስጡ ካለ ግን አትፍረዱበት። ሌላ መንገደኛ መጥቶ እዚያው ልኑር ቢልና ሙያ ቢኖረው፣ ሠርቶ ይብላ።

መስጠት ካማረሽ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተማከሪ። የቤት ኪራይ ያቃታት ጎረቤት አታጪም፣ በእጇ ስጫት።

ሰውዬው ተመልሶ ከመጣ አስገቢው፣ ቡናም አፍዪለት። ከዚያ ሙያው ምን እንደሆነ ጠይቂው። ጳውሎስ እንኳ በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን ይሰፋ ነበር። የቤትሽን ካርታ ግን ከቁም ሳጥኑ አታውጪ።