ላቦራቶሪው ወይስ የእርሻው ሳጥን?

ጥያቄ፦ «ዘንድሮ በምግብ ሳይንስ ተመርቄያለሁ። ሁለት የሥራ ዕድል አግኝቻለሁ። አንዱ ትልቅ የወተት ፋብሪካ ነው፤ በጥራት ቁጥጥር ላቦራቶሪ ውስጥ፣ በቋሚነት። ሌላው አነስተኛ እርሻ ነው። 80 ቤተሰቦች ምርቱ ሳይደርስ ቀድመው ከፍለው አባል ይሆናሉ። ከዚያ በየሳምንቱ የወቅቱን አትክልት፣ በየ2 ሳምንቱ ደግሞ እዚያው ከፍየል ወተት የሚሠራውን ቺዝ ይወስዳሉ። እኔን የፈለጉኝ ይህን ድርሻ እንዳስተባብር ነው። ውሉ ግን የ7 ወር ብቻ ነው። ልቤ ወደ እርሻው ያደላል። አባቴ "ሳጥን ለማሸግ ነው ይህን ሁሉ ዓመት የተማርሽው?" ይለኛል። እኔም አትክልት አብቅዬ አላውቅም። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦ እህቴ፣ በቅድሚያ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። የማስበውን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ምክንያቱን ቀጥዬ አስረዳሻለሁ። ደመወዝሽን የሚጠብቅ ቤተሰብ ከሌለ ወደ እርሻው ሂጂ። ካለ ግን ፋብሪካውን ያዢ፤ የ7 ወር ውል የቤት ኪራይና የታናናሾችሽን ትምህርት ቤት ክፍያ አይሸከምም። በሁለቱም መንገድ ከመፈረምሽ በፊት እርሻውን የምትጠይቂያቸው ነገሮች አሉ።

የአባትሽ ጥያቄ ተገቢ ነው። ከውጭ ለሚያየው ሰው ሥራው ማሸግ ይመስላል። ስለዚህ ሳጥኑ እስኪሞላ ድረስ ምን እንደሚሠራ እንይ።

ለ80 ቤተሰብ በየሳምንቱ አንድ አንድ ራስ ሰላጣ ቃል ተገብቷል እንበል። ሰላጣ ተዘርቶ እስኪደርስ ከ50 እስከ 60 ቀን ገደማ ይፈጃል። ብርድ ሲሆን ይዘገያል። ሙቀት ሲበዛ ደግሞ ቶሎ ያብብና ይመርራል። ዛሬ ሳጥን ውስጥ የገባው ሰላጣ እንግዲህ የዛሬ 2 ወር አካባቢ የተዘራ ነው። ለሚቀጥለው ሳምንት የሚሆነው ለብቻው፣ ከዚያ ዘግየት ብሎ ተዘርቷል። የተዘራው ሁሉ ደግሞ አይደርስም። ቀንድ አውጣ የሚበላው አለ፣ ቀጭጮ የሚቀር አለ። 80 ለመስጠት 100 መዝራት ብልህነት ነው። ካሮቱ ከ70 እስከ 80 ቀን ይፈልጋል። ነጭ ሽንኩርት ቅዝቃዜ በሚበረታበት አገር ከ8 እስከ 9 ወር መሬት ውስጥ ይቆያል። አስተባባሪዋ ይህን ሁሉ ከማስረከቢያው ቀን ወደ ኋላ እየቆጠረች ነው የምታቅደው። አንድ ሳምንት ብትዘነጋ ስህተቱ የሚታያት ከ2 ወር በኋላ፣ ሰው ሳጥኑን ሊወስድ በመጣበት ቀን ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ምንም ማድረግ አይቻልም።

ቺዙ ከዚህም ይረቅቃል፤ ያንቺ ትምህርት የሚገባውም እዚህ ነው። እስቲ አብረን እናስላው። 80 ቤተሰብ በየ2 ሳምንቱ 250 ግራም ቢወስድ 20 ኪሎ ይሆናል፤ በሳምንት 10 ኪሎ ማለት ነው። 1 ኪሎ ጠንካራ ቺዝ ለመሥራት ወደ 10 ሊትር ወተት ይፈልጋል። ስለዚህ በሳምንት 100 ሊትር፣ በቀን 14 ሊትር ገደማ። አንድ ፍየል በቀን 2 ሊትር ብትሰጥ 7 የሚታለቡ ፍየሎች ይበቃሉ። ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ፍየሎቹ ግን የወረቀቱን ሒሳብ አያውቁም። ክረምትና በጋው በእጅጉ በሚለያይበት አካባቢ የሚጠቁት ቀኑ ማጠር ሲጀምር ነው። ከ150 ቀን አካባቢ በኋላ ሁሉም ባንድ ሰሞን ይወልዳሉ። ወተቱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይትረፈረፋል፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ለቀጣዩ ወሊድ 2 ወር ሲቀር ደግሞ እንዲነጥፉ ይደረጋል። አባላቱ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እኩል ድርሻ ነው የሚጠብቁት።

ይህን ክፍተት የሚደፍነው ማቆየት ነው። ወተት በሞላበት ሰሞን ጠንካራ ቺዝ ይሠራል። ከ10 እስከ 13 ዲግሪ በሚሆን እርጥበት ባለው ክፍል ውስጥ እየተገላበጠና እየተጠረገ ለወራት ይቆያል፤ ከዚያ ወተቱ ሲያንስ ይወጣል። ቶሎ የሚበላው ለስላሳው ቺዝ ደግሞ በሞላበት ሰሞን ለድርሻ ይሰጣል። ታዲያ ምን ያህሉን ወተት ለዛሬ፣ ምን ያህሉን ከ3 ወር በኋላ ለሚሰጠው? እሱን የሚወስን ሰው ያስፈልጋል። በትልቅ ፋብሪካ ይህን ውሳኔ የሚወስነው ብዙ ዓመት የሠራ ሰው ነው። እዚህ ጠረጴዛው ላይ አንቺም ትቀመጫለሽ። ወደ እርሻው ሂጂ ያልኩሽ በዋናነት ለዚህ ነው።

የምግብ ደህንነቱን ጉዳይ ግን በቀላሉ አትመልከችው። አትክልትና ወተት ባንድ ግቢ ውስጥ ሲሆኑ አፈር፣ ፍግና ቺዝ ይቀራረባሉ። ሊስቴሪያ የሚባለው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ በማቀዝቀዣ ውስጥ እንኳ መራባት እንደሚችል ታውቂያለሽ። ነፍሰ ጡር ሴት ላይ ምን እንደሚያደርስም ተምረሻል። ከበረት የመጣ ቦት ጫማ ወደ ቺዝ ክፍሉ መግባት የለበትም። ካሮት ያጠቡበት ቦታና ቺዝ የሚጠቀለልበት ጠረጴዛ መለየት አለባቸው። ወተቱ በ63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ወይም በ72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ ሞቆ ጀርሙ ይገደላል ወይስ ጥሬውን ነው የሚሠሩት? በአሜሪካ ከጥሬ ወተት የተሠራ ቺዝ ቢያንስ 60 ቀን ሳይቆይ አይሸጥም። ሌላ አገር ሌላ ደንብ አለው። ያንቺው እርሻ የትኛውን ደንብ እንደሚከተል፣ ፈቃዱም የት እንዳለ በዓይንሽ እዪ። በየሥራው ቀን የተያዘ መዝገብ እንዲያሳዩሽም ጠይቂ፤ የወተቱ ቀን፣ ሙቀቱ፣ አሲዱ፣ የቺዙ ቁጥር። መዝገብ ከሌላቸውና አንቺ እንድትጀምሪው ከፈቀዱልሽ መልካም ነው። ሃሳፕ የሚባለውን የቁጥጥር ሥርዓት ከባዶ ተነስታ ሥራ ላይ ያዋለች ሰው ሲቪዋ ላይ የምትጽፈው አታጣም። መዝገብ ከሌላቸውና «እስከ ዛሬ ማን ታመመ?» ካሉሽ ግን አመስግነሽ ውጪ።

አንዲት ጥያቄ ደግሞ አትርሺ። «አጓቱን የት ነው የምትደፉት?» በዪያቸው። ከ100 ሊትር ወተት ወደ 90 ሊትር አጓት ይወጣል። ወንዝ ውስጥ ከገባ የውኃውን ኦክስጅን አሟጦ ዓሣውን ይጨርሳል። ለአሳማ የሚሰጡት፣ ወይም ሪኮታ የሚባለውን ለስላሳ ቺዝ የሚያወጡበት ከሆነ ሥራቸውን አስበው የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። መልሱ ስለ ግቢው ብዙ ይነግርሻል።

«ፋሽን ነው፣ ያልፋል» የሚልሽም አይጠፋም። አሠራሩ ግን የትናንት አይደለም። በጃፓን ቴይኬይ በሚል ስም ሸማቾችና ገበሬዎች በቀጥታ መተሳሰር የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። በስዊዘርላንድም በዚያው አሥር ዓመት ተመሳሳይ እርሻዎች ተቋቁመዋል። በአሜሪካ በ1986 ሁለት እርሻዎች ባንድ ዓመት ጀመሩ፤ አንዱ በማሳቹሴትስ፣ ሌላው በኒው ሃምፕሸር። የኒው ሃምፕሸሩ ቴምፕል-ዊልተን ይባላል። እዚያ አባላት ተሰብስበው የዓመቱን ወጪ ያያሉ፤ ከዚያ እያንዳንዱ እንደ አቅሙ ቃል እየገባ ወጪው ይሸፈናል። በፈረንሳይም ከ2001 ጀምሮ አማፕ በሚል ስም ተስፋፍቷል። አሠራሩ ቆይቷል፣ ይሠራልም። ያንቺው እርሻ ይቆያል ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። እሱን የሚመልስልሽ ገንዘቡና አባላቱ ነው።

ከገንዘቡ ልጀምር። አባላት የሚከፍሉት ቀድመው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ካዝናው ሙሉ ነው። ዘር ይገዛል፣ መኖ ይገዛል፣ አጥር ይታደሳል። በ5ኛው በ6ኛው ወር ካዝናው ሊነጥፍ ይችላል። ያንቺ ደመወዝ ደግሞ በየወሩ መድረስ አለበት። «የመጨረሻዎቹ 2 ወራት ደመወዝ ከየት ይከፈላል?» ብለሽ ሳታፍሪ ጠይቂ። ይህ ድፍረት አይደለም። ጥሩ የእርሻ ባለቤት ጥያቄውን ስትሰማ እንዲያውም ደስ ይላታል፤ ነገ ስለ ካዝናው የምታስብ ሰው እንዳገኘች ትረዳለች። በደመወዝ ፋንታ አትክልትና ቺዝ እንስጥሽ ካሉ ግን እምቢ በዪ። በጉልበት ድርሻ ማግኘት ለአባላት የተሠራ ነገር ነው፤ ሙሉ ቀን ለሚሠራ ተቀጣሪ አይሆንም።

አባላቱን በሚመለከት አንድ ቁጥር ብቻ ጠይቂ። ካለፈው ዓመት አባላት ውስጥ ስንቱ ዘንድሮ ተመልሷል? 80 ቤተሰብ በየዓመቱ አዲስ ከሆነ አንድ ነገር ልክ አይደለም። ሰው የሚለቀው አንዳንዴ ሳጥኑ ስላነሰበት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ስለሚበዛበት ነው። በየሳምንቱ ጎመን እየተረፈ ሲበሰብስበት ያሳዝነዋል፣ ጥፋተኛ የሆነ ይመስለዋል፣ በሚቀጥለው ዓመት ዝም ብሎ ይቀራል። ቅሬታም አያሰማሽም። እዚህ ላይ ያንቺ ድርሻ ትልቅ ነው። ግማሽ ድርሻ እንዲኖር ማድረግ፣ ያልፈለገውን የሚለውጥበት ሳጥን በር ላይ ማስቀመጥ፣ ምን እንዴት እንደሚቀመጥ በአጭሩ ጽፎ መስጠት ትችያለሽ። ቲማቲሙን ፍሪጅ አታስገቡት፣ የካሮቱን ቅጠል ቆርጣችሁ አስቀምጡ፣ ቺዙን ከላስቲክ ይልቅ በወረቀት ጠቅልሉት። እነዚህ ትንንሽ ነገሮች ናቸው፤ አባልን ከዓመት ዓመት የሚያቆዩት ግን እነሱ ናቸው።

ውርጭ ወይም በረዶ የመታው ዓመት ሲመጣ ደግሞ ለ80 ቤተሰብ የምትነግሪው አንቺ ነሽ። አባላቱ የተስማሙት ጉዳቱንም አብረው ሊካፈሉ ነው። ግን ቀድሞ ሲነገራቸውና ሳጥኑ ላይ ሲደርሱ ሲያዩት አንድ አይደለም። በዚያው ቀን ጻፊላቸው። ምን ጠፋ፣ ምን ተረፈ፣ የሚተካው መቼ ይደርሳል? የሚከብድ ደብዳቤ ነው፤ ነገር ግን ከዚህ ሥራ ይዘሽ ከምትወጪያቸው ችሎታዎች ሁሉ እኔ ይህን አስበልጣለሁ።

አትክልት አብቅዬ አላውቅም ስላልሽው ብዙ አትጨነቂ። አብቃይ አላቸው፤ የፈለጉት አስተባባሪ ነው። ሆኖም ማለዳ ተነስቶ መልቀም አይቀርልሽም። ቅጠላ ቅጠል ፀሐይ ሳይመታው ተለቅሞ ቶሎ ካልቀዘቀዘ ይጠወልጋል። ወገብሽ ያማል፣ ዝናብ ይመታሻል። ይህን የምነግርሽ ላስፈራሽ ብዬ አይደለም። እንዲሁ በሐሳብ ወደውት ሄደው በሁለተኛው ወር የሚለቁ ወጣቶች ስላሉ ነው። ከመወሰንሽ በፊት አንድ የማስረከቢያ ቀን ከማለዳ እስከ ማታ አብረሻቸው ዋዪ። ማታ ላይ የደከመ ሰው እንዴት እርስ በርሱ እንደሚነጋገር ስሚ።

ከ7 ወር በኋላስ? ውሉ ባይታደስ በእጅሽ የሚኖረው የምርት ዕቅድ፣ የቺዝ መዝገብና የአባላት አያያዝ ልምድ ነው። በጥራት ቁጥጥር፣ በአቅርቦት ዕቅድ፣ በኅብረት ሥራ ማኅበራት ወይም በሌላ ትንሽ የወተት ማቀነባበሪያ ይፈለግልሻል። የራስሽን እርሻ መጀመር ግን ቶሎ አታስቢ። የማለቢያና የቺዝ ክፍል ካፒታል ይጠይቃል። ከሌላ ሰው እርሻ ላይ አንድ ሙሉ ወቅት ያላየ ሰው ወጪውን ገና አያውቀውም።

ለአባትሽ በቃል ብቻ አታስረጂ። ላይ ያሰላነውን የወተት ሒሳብ ወረቀት ላይ ጽፈሽ አሳዪያቸው። ቢፈቅዱ በዚያ የማስረከቢያ ቀን አብረውሽ ይሂዱ። ካዩ በኋላም ሐሳባቸው ካልተለወጠ ቢያንስ የሚነቅፉትን ሥራ አውቀውት ይሆናል፤ አንቺም ጥርጣሬያቸውን በቁም ነገር ስሚ፤ ያላየሽውን ነገር አይተው ሊሆን ይችላልና።

ፋብሪካውን በዝምታ አታስጠብቂው። ዛሬውኑ ጻፊላቸው። ለሰጡሽ ዕድል አመስግኚ፣ ለመወሰን 10 ቀን እንዲሰጡሽ ጠይቂ፣ ቀኑንም ጠቅሰሽ ጻፊ። ከፈቀዱ በእነዚያ ቀናት ውስጥ እርሻውን ጎብኝተሽ የጥያቄዎችሽን መልስ በጽሑፍ ትቀበያለሽ። ካልፈቀዱ ለእርሻው ባለቤት ነገ ጠዋት ደውዪና ጉብኝቱን ወደዚህ ሳምንት እንድታመጣልሽ ለምኚያት።