አሮጌዋን አውሮፕላን ከመፍታትህ በፊት

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ባለ ሁለት መቀመጫ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር የ1946 ፓይፐር ጄ-3 ከብ ልትገዛ ነው። ክንፎቿ ወልቀው መጋዘን ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ተቀምጣለች። መካኒክ አይደለህም፤ ያለህ ጊዜም ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። ይሳካልኛል ወይ፣ ከየትስ ልጀምር ነው ያልከው።

ይሳካልሃል። እኔም የሙያው ሰው ሳልሆን ነው የገባሁበት። የእኔዋ የ1941 ጄ-3 ናት። ሁለት ዓመት ይበቃታል ብዬ ስድስት ዓመት ወሰደችብኝ። ከስድስቱ አንዱ የባከነው በአንድ ስህተት ነው። ከእሱ ልጀምርልህ።

የግራውን ክንፍ ብቻዬን ጨረስኩት። የተጣመሙትን ሪቦች (ለክንፉ ቅርጽ የሚሰጡትን ጎድኖች) አቃናሁ፣ እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ ቫርኒሽ ቀባሁ፣ ጨርቅ አለበስኩት፣ ሰፋሁት፣ ቀለም ቀባሁት። በጣም ያምር ነበር። ከዚያ ፈቃድ ያለውን የአውሮፕላን መካኒክ ጠራሁ። መጀመሪያ የጠየቀኝ "ከመሸፈኑ በፊት ውስጡን ማን አየው?" ብሎ ነው። ማንም አላየውም። ያላየሁትን አልፈርምም አለኝ። ጨርቁን በራሴ እጅ ቀደድኩት። እንደተከፈተ መካኒኩ የእጅ ባትሪውን በእንጨቱ ላይ አጋድሞ ሲያበራ፣ የክንፉ ዋና ተሸካሚ በሆነው እንጨት ላይ፣ ከታች የሚደግፈው ዘንግ ከሚታሰርበት ቦታ አጠገብ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ታየ። እንጨቱን አቋርጦ የሚሄድ ስንጥቅ ነው። ምናልባት ከብዙ ዓመት በፊት የክንፉ ጫፍ መሬት መትቶ ይሆናል። እኔ በላዩ ላይ ቫርኒሽ ቀብቼበት አልፌያለሁ። ያ ሰው ባይከለክለኝ ኖሮ በዚያ ክንፍ ልበር ነበር።

ስለዚህ መካኒኩን መጨረሻ ላይ ሳይሆን መጀመሪያ ላይ ጥራው። እንዲያውም ሳትገዛት በፊት። የቱን ሥራ አንተ እንድትሠራ እንደሚፈቅድልህ፣ የቱን ሳይሸፈን ማየት እንደሚፈልግ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። የአገርህ የሲቪል አቪዬሽን ሕግ የሚጠይቀውንም እሱ ይነግርሃል። ከዚያ በኋላ አንድም ነገር እሱ ሳያየው አትዝጋ።

ልታያት ስትሄድ ቀለሟ አያታልልህ። መጀመሪያ ወረቀቷን ጠይቅ። የበረራና የጥገና መዝገቧ አለ? ተከታታይ ቁጥሯ የተጻፈባት ትንሿ የብረት ሰሌዳ በቦታዋ ናት? ቁጥሩስ ከወረቀቱ ጋር ይገጥማል? ይህ ከሌለ የምትገዛው አውሮፕላን ሳይሆን የዕቃ ክምር ነው።

ቀጥሎ ወስፌ ያዝና ወደ ጭራዋ ሂድ። የከብ አካል ከተበየዱ የብረት ቱቦዎች የተሠራ ነው። ስትቆም ጭራዋ ዝቅ ስለሚል ውስጥ የገባ ውሃ ሁሉ ወደዚያ ይወርዳል። አይጥ ጎጆ ከሠራችበት ደግሞ ሽንቷ ብረት ይበላል። ታችኛዎቹን ረጃጅም ቱቦዎች መካኒኩ ባለበት ጠንከር አድርጋችሁ ወጉ። ወስፌው ከገባ ቱቦው አልቋል። ይህ ግን ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም። የበሰበሰውን ቆርጦ በአዲስ መተካት የታወቀ ሥራ ነው፤ ብየዳው ግን የባለሙያ ነው። የእኔዋ ሁለት ቦታ ተቀይሮላታል።

ክንፉን ከታች ለሚደግፉት ዘንጎች ልዩ ትኩረት ስጣቸው። ከውጭ ንጹሕ መስለው ከውስጥ ይዝጋሉ። በፓይፐር አውሮፕላኖች ላይ ይህ ችግር ስለታወቀ የቀድሞዎቹ ዘንጎች በየ24 ወሩ እንዲመረመሩ የሚያዝ የደህንነት መመሪያ ወጥቷል። ውሃ እንዳይገባባቸው ተደርገው በታሸጉ አዳዲስ ዘንጎች ከተተኩ ያ ተደጋጋሚ ምርመራ ይቀራል። እኔ አላመነታሁም፣ ቀየርኳቸው። ገንዘብ የምትቆጥብበት ሌላ ቦታ ፈልግ።

ደግነቱ የመረጥካት አውሮፕላን ናት። ጄ-3 ከ1938 እስከ 1947 ወደ 20,000 ገደማ ተመርታለች። ክፍሎቿ ዛሬም አዲስ ይሠራሉ፣ የሚያውቃትም ሰው ብዙ ነው። የእኔዋ ዋና ተሸካሚ እንጨት ነው፤ በኋለኞቹ ላይ ወደ አሉሚኒየም ተቀይሯል። የአንተ የትኛው እንደሆነ አረጋግጥ። አሉሚኒየም ከሆነ የምትፈልገው ስንጥቅ ብቻ ሳይሆን ነጭ ዱቄት የሚመስል ዝገትም ነው።

ስትፈታ አትቸኩል። እያንዳንዱን ነገር ከመንካትህ በፊት ፎቶ አንሳ። ዳዶና ቡሎኑን በየከረጢቱ አድርገህ ከየት እንደወጣ ጻፍበት። ከአራት ዓመት በኋላ አስታውሳለሁ ብለህ እንዳታስብ፣ አታስታውስም። አሮጌውን ጨርቅም በትልልቁ ቆርጠህ አስቀምጠው። የስፌቱ ርቀት፣ የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳው፣ የመፈተሻ መስኮቱ ቦታ ሁሉ እሱ ላይ ይገኛል። የበሰበሰ እንጨትም ቢሆን ለአዲሱ ልኬት ስለሆነ አትጣለው።

ጨርቅ ማልበስ ከሥራው ሁሉ የምወደው ነው። ድሮ ጥጥ ነበር፤ ዛሬ ፖሊስተር ነው። ጨርቁ ይለጠፍና በካውያ ይወጠራል። እኔ በተጠቀምኩበት ዓይነት መጀመሪያ በ121፣ መጨረሻ ላይ በ177 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው የሚተኮሰው። ሙቀቱ ከዚያ ካለፈ ጨርቁ መልሶ ይላላል። የካውያው መደወያ የሚያሳየውን አትመን፤ በቴርሞሜትር ለካው። ከዚያ በረጅም መርፌና ሰም በተቀባ ክር ከእያንዳንዱ ሪብ ጋር ይሰፋል። ቋጠሮው የራሱ አሠራር አለው፤ እጅህ እስኪለምደው ሌላ ነገር ላይ ተለማመድ። በላዩ የሚቀባው ብርማ ቀለም ለጌጥ አይደለም፤ ውስጡ ያለው የአሉሚኒየም ዱቄት የፀሐይ ጨረር ጨርቁን እንዳይጎዳው ይከላከላል። ሙጫውን፣ ቀለሙን፣ ጨርቁን ከአንድ ተቀባይነት ካገኘ አሠራር ውሰድ፣ አታቀላቅል። ጭሱ መርዝ ነው፣ እሳትም በቀላሉ ይይዛል። ማስክህን አድርግ፣ አየር ይግባ።

ደግሞ ቀለም አታብዛ። ከብ ባዶዋን 345 ኪሎ ገደማ ናት፤ ከነጫኝዋ ከ553 ኪሎ ማለፍ የለባትም። እያንዳንዱ ተጨማሪ ቅብ ከምታነሳው ላይ ይቀንሳል።

በየትኛው ክፍል ልጀምር ላልከው፣ በጭራዋ መሪ ጀምር። ትንሽ ናት። መፈተሽ፣ ዝገት ማጽዳት፣ ጨርቅ ማልበስ፣ መስፋት፣ መቀባት፣ ሁሉንም በእሷ ላይ ትማራለህ። ብትበላሽብህ የሚጠፋው ጥቂት ቅዳሜ ነው። ስትጨርሳት ግድግዳ ላይ ስቀላት። በሦስተኛው ዓመት ሥራው ሲሰለችህ እሷን ቀና ብለህ ታያለህ። እኔን ብዙ ጊዜ መልሳኛለች።

ሞተሩን በተመለከተ አጭር ነኝ። በአብዛኞቹ ላይ ያለው ኮንቲኔንታል ኤ-65 ነው፣ 65 የፈረስ ጉልበት፣ አራት ሲሊንደር። ለዓመታት የቆመ ሞተር "እስኪ ይነሳ እንደሆን" ተብሎ አይሽከረከርም፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ዝገት ካለ ትፍቀዋለህ። ካንዴላዎቹን አስወጥተህ ውስጡ በካሜራ ይታይ። ማግኔቶውን (ለካንዴላዎቹ ብልጭታ የሚያመነጨውን) እና ካርቡሬተሩን (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለውን) ለባለሙያ ስጥ። የነዳጅ ሰልባትዮው ክዳን ላይ ያለችውን፣ የነዳጁን መጠን የምታሳየውን ሽቦ ከታች የምታንሳፍፈውን ቡሽም አስፈትሽ፤ ነዳጅ ጠጥታ ከሰጠመች ሽቦዋ ውሸት ትናገራለች።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልንገርህ። ይህች አውሮፕላን ባትሪም ሞተር ማስነሻም የላትም፤ የምትነሳው ፕሮፔለሩ በእጅ ተመትቶ ነው። ማግኔቶ ደግሞ ብልጭታውን ራሱ ያመነጫል። ማጥፊያው ተዘግቶ እንኳ ማግኔቶውን የምታጠፋው አንዲት የምድር ሽቦ ከተበጠሰች ሞተሩ ሊነሳ ይችላል። ፕሮፔለሩን ሁልጊዜ እንደሚነሳ ቁጠረው። ልጆች ወደ ሥራ ቦታህ ከመጡ መጀመሪያ ይህን ንገራቸው።

የመጀመሪያውን በረራ እኔ አልበረርኩትም። ጭራዋ ላይ ጎማ ባላቸው አውሮፕላኖች ብዙ የበረረ ሰው ነው ያነሳት፣ ከኋላ ወንበር፤ ጄ-3 ብቻህን ስትሆን የምትበረው ከኋላ ነው። እኔ ሜዳው ዳር ቆሜ አየኋት። አልቆጨኝም።

ልታያት ስትሄድ ጭራዋ አካባቢ ያሉትን ታችኛ ቱቦዎች፣ የዘንጎቹን ታችኛ ጫፍና ያቺን ትንሽ የብረት ሰሌዳ በቅርበት ፎቶ አንሳና እዚሁ ለጥፍልን። አብረን እናያታለን።