መልስ፦ ወረቀት የሌላቸው ባለሙያዎቹን ይቀድማሉ ወይ?
«እ.ኤ.አ. በ2013ቱ የአሜሪካ ሴኔት የኢሚግሬሽን ሕግ ረቂቅ ወረቀት (ሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድ) የሌላቸው ኤች-ዋን-ቢ (የባለሙያዎች ጊዜያዊ የሥራ ቪዛ) ካላቸው በግሪን ካርድ ይቀድሙ ነበር?» ላልከው፣ በአብዛኛው አይቀድሙም። ቅጣትና ውዝፍ ግብር ከፍለው ለግሪን ካርድ 10 ዓመት ይጠብቁ ነበር፤ በልጅነታቸው ለመጡትና ለእርሻ ሠራተኞች ብቻ ያጥር ነበር። ሴኔቱ 68 ለ32 አሳለፈው፤ የተወካዮች ምክር ቤት ግን ድምፅ እንኳ አልሰጠበትም።

ባለሙያውን የሚያንገላታው ሌላ ነው። የሥራ ግሪን ካርድ በዓመት 140,000 ገደማ ሲሆን ሚስትና ልጆችም ከዚያው ይቆጠራሉ፤ ከአንድ አገር ደግሞ በመሠረቱ 7 በመቶ ነው ጣሪያው። የሚታየው የትውልድ አገር እንጂ ፓስፖርት አይደለም፤ ለዚህ ነው ሕንድ የተወለደው ብዙ ዓመት የሚጉላላው። ያው ረቂቅ ይህን የአገር ጣሪያ ለሥራ ግሪን ካርድ ያስቀር ነበር፤ ሁለቱን ወገን ማጋጨት ስሕተት ነው የምለው ለዚህ ነው።

በድንበር ሾልኮ የገባ ሰው ዜጋ ቢያገባም አብዛኛውን ጊዜ የግሪን ካርዱን ጉዳይ እዚያው አሜሪካ ሆኖ መጨረስ አይችልም። ዓመትና ከዚያ በላይ ያለ ፈቃድ ኖሮ ከወጣ የ10 ዓመት እገዳ አለበት፤ ስለዚህ ቅጽ አይ-601ኤ (እገዳው እንዲነሣለት ከመውጣቱ በፊት የሚያመለክትበት) ሳይጸድቅለት ለቪዛ ቃለ መጠይቅ ከአገር እንዳይወጣ።