ለወጣት ባሕረኞች፦ ስለ ዩጂን ፍለኪ

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የጨረስኩት በንግድ መርከቦች የሞተር ክፍል ውስጥ ነው። ባሕር ዳር ሠልጥናችሁ የመጀመሪያ መርከባችሁን የምትጠባበቁ ወጣቶች ባገኘኋችሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ታነሡልኛላችሁ፤ ባሕር ላይ ትልቅ ደረጃ ለመድረስ ምን ያስፈልጋል? አብዛኞቻችሁ መልሱን አስቀድማችሁ ይዛችሁት ነው የምትመጡት። ድፍረት ነው ትላላችሁ። ድፍረትን የምንቅ ሰው አይደለሁም። ሆኖም ሒሳቡ ሳይሠራ የመጣ ድፍረት ባሕር ላይ ሰው ያስበላል። ሒሳብ ስል የነዳጅና የፍጥነት ብቻ አይደለም፤ የሰውም ነው። ይህንን በደንብ ያሳያል ብዬ የማምነው የአሜሪካዊው የሰርጓጅ መርከብ አዛዥ የዩጂን ፍለኪ ሕይወት ስለሆነ ዛሬ እሱን ላጫውታችሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ፍለኪ ካሰጠማቸው መርከቦች ብዙዎቹ እኔ የሠራሁባቸው ዓይነት የጭነት መርከቦች ነበሩ። ፍለኪ በተዋጋበት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከ60,000 በላይ የጃፓን የንግድ መርከብ ባሕረኞች አልቀዋል። ቶርፒዶ፣ ማለትም በውኃ ውስጥ እየተጓዘ የሚመታ ፈንጂ፣ ጎኗን የመታት መርከብ ስትሰጥም ከታች በሞተር ክፍል ውስጥ ያለው ሰው መሰላሉን ወጥቶ የመትረፍ ተስፋው የመነመነ መሆኑን እኔ መሰላሉን ስለማውቀው አውቃለሁ። ስለዚህ ይህንን የምጽፈው በጭብጨባ ስሜት አይደለም። ሰውየውን አከብረዋለሁ፤ የሞቱትንም አልረሳም።

ፍለኪ በ1913 በዋሽንግተን ዲሲ ተወለደ፤ ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በ1935 ከአናፖሊስ የባሕር ኃይል አካዳሚ ተመረቀ። በኔቫዳ የጦር መርከብና በሌላም መርከብ ካገለገለ በኋላ ወደ ሰርጓጅ መርከቦች ተዛወረ። ጦርነቱ ሲጀመር ቦኒታ በተባለች ሰርጓጅ ላይ ነበር፤ ከፓናማ እየተነሣች ስትቃኝ ስሙን የሚያስጠራ አንድም ነገር አልገጠመውም። ከዚያም በ1942 ጦርነቱ በተፋፋመበት ጊዜ ወደ አናፖሊስ ተመልሶ የመርከብ ምሕንድስና እንዲማር ተላከ።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። የጦር መኮንን ነው፤ አገሩ እየተዋጋች ነው፤ ባልንጀሮቹ ፓስፊክ ላይ ናቸው፤ እሱ ግን ስለ ሞተርና ስለ ሙቀት እየተማረ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። ትምህርቱን ሲጨርስ ደግሞ ለዕጩ አዛዦች የሚሰጠውን ሥልጠና ወሰደ። በዚያም ላይ ባርብ በምትባለው ሰርጓጅ በሌላ ካፒቴን ሥር አንድ ዙር የጦር ቅኝት ወጥቶ ሥራውን በዓይኑ አየ። አዛዥነቱን የተረከበው በኤፕሪል 1944 ነው። ከእናንተ መካከል ሁለተኛ መሐንዲስ ለመሆን አራት ዓመት መጠበቅ እንደ ዘላለም የሚታያችሁ አላችሁ። ባርብ አምስት ዙር በአውሮፓ በኩል ወጥታ ይህ ነው የሚባል ውጤት ሳታስመዘግብ የተመለሰች መርከብ ነበረች። በእሱ አዛዥነት ግን ከጦርነቱ በኋላ በተደረገው ማጣራት ከ95,000 ቶን በላይ መርከብ ያሰጠመች ሆነች፤ በቶን ሲሰላ ከአሜሪካ የሰርጓጅ አዛዦች ሁሉ የሚበልጠው የለም።

የተረከበው ቶርፒዶም ቢሆን ሌሎች በብዙ ድካም ያስተካከሉት ነበር። በጦርነቱ መጀመሪያ ማርክ 14 የሚባለው የአሜሪካ ቶርፒዶ ከታሰበው በላይ ጠልቆ ይሄድ፣ ያለጊዜው ይፈነዳ፣ መትቶም ሳይፈነዳ ይቀር ነበር። አዛዦቹ ሲያመለክቱ የመሣሪያ ክፍሉ ጥፋቱን በእነሱ ላይ አላከከ። በጁላይ 1943 ቲኖሳ የተባለችው ሰርጓጅ አዛዥ ዳስፒት አንድ የቆመ ትልቅ መርከብ ላይ በተመቻቸ ሁኔታ ደጋግሞ ተኮሰ፤ ቶርፒዶዎቹ መርከቡን እየመቱ አይፈነዱም። ዳስፒት የመጨረሻዋን አልተኮሰም። ተፈትታ ትመርመር ብሎ ይዟት ተመለሰ። እኔ ይህንን ሰው ከብዙ ባለ ሜዳይ አስበልጬ አየዋለሁ። ከዚያ በኋላ ሃዋይ ላይ ቶርፒዶ በገደል ላይ ተኩሰው፣ የቶርፒዶ ራስም በክሬን እያነሡ በብረት ሰሌዳ ላይ ጥለው ሞከሩ። ቀጥ ብሎ ሲያርፍ የማፈንጃው መርፌ በምቱ ኃይል ይጎብጣል፤ በጎን ሲያርፍ ግን በትክክል ይሠራል። ይህ ማለት አጥርቶ ያነጣጠረው አዛዥ ነበር የሚከስረው። መርፌው ቀለል ተደርጎ ተሠራና ነገሩ በ1943 መገባደጃ ተስተካከለ። ፍለኪ ከወራት በኋላ ሲመጣ የጠበቀው የሚፈነዳ ቶርፒዶ ነው። የማንም ዝና የብቻው አይደለም የምላችሁ ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ታወቀው ሌሊት። በጃንዋሪ 1945 በቻይና ጠረፍ የጃፓን መርከቦች ከሰርጓጆቹ ዓይን ተሰወሩ። ፍለኪ ምክንያቱን ሲያሰላ መርከቦቹ ቀን ቀን ጥልቀት በሌለው ውኃ ጠረፉን ተጠግተው እየተጓዙ፣ ሲመሽ ወደብ ገብተው እንደሚያድሩ ደረሰበት። በ23ኛው ቀን ከመንጋቱ በፊት ናምክዋን በተባለው ወደብ ከ30 በላይ መርከቦች ቆመው አገኘ። ውኃው ዘጠኝ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ መጥለቅ አይታሰብም። ከመግባቱ በፊት ያሰላው መውጫውን ነው፤ ካርታው በቅጡ የማያውቀው፣ ዐለት የበዛበት፣ የቻይና ዓሣ አጥማጆች ጀልባዎች የሞሉበት ውኃ መረጠ፤ የሚያሳድዱት አጃቢዎች በዚያ በኩል በፍጥነት መከተል እንደማይችሉ ገምቶ ነው። ስምንት ቶርፒዶ ተኩሶ ዞረ። ለመጥለቅ የሚበቃ ውኃ እስኪያገኝ አንድ ሰዓት ሙሉ በውኃው ላይ መሸሽ ነበረበት። እኔ ይህንን ባነበብኩ ቁጥር የማስበው ከላይ መርከቧ በምትመራበት ቦታ፣ ድልድይ በምንለው ላይ፣ የቆመውን ካፒቴን ብቻ አይደለም፤ አራት ዲዝል ሞተሮችን ከልካቸው በላይ እያሠሩ፣ ውጭውን ሳያዩ፣ አንዷ ቧንቧ ብትፈነዳ ሁሉም እንደሚያልቅ እያወቁ የቆሙትን ነው። ሞተሮቹ አልከዷቸውም። ለዚያ አንድ ሰዓት የተዘጋጁት በየቀኑ ዘይት ሲለኩና ማጣሪያ ሲያጥቡ ነው።

ለዚህ ሥራ የአሜሪካ ከፍተኛው የጀግንነት ሜዳይ ተሰጠው። በማስረጃው ላይ ስምንቱም ቶርፒዶዎች ስድስት መርከቦችን መቱ ይላል። ከጦርነቱ በኋላ ከጃፓን መዛግብት ጋር ሲመሳከር የተረጋገጠው የመስጠም ቁጥር ግን በጣም ያነሰ ሆነ። የሰውየው ድፍረት በዚህ አልቀነሰም። በጨለማ፣ በጭስና በጩኸት መካከል የሚታይ ነገር ሁሉ ይበዛል። እናንተም መዝገብ ስትጽፉ ያያችሁትንና የገመታችሁትን ለዩ።

ከሁሉ አስበልጬ እንድታስቡበት የምፈልገው ግን ከዚያ በፊት በሴፕቴምበር 1944 የሆነውን ነው። ሲላየን የተባለችው የአሜሪካ ሰርጓጅ ራኩዮ ማሩ የምትባል የጃፓን መርከብ አሰጠመች። በውስጧ በርማ የባቡር ሐዲድ ሲሠሩ የቆዩ ከ1,300 በላይ የእንግሊዝና የአውስትራሊያ የጦር ምርኮኞች እንደነበሩ የታወቀው ቆይቶ ነው። ባርብ እና ክዊንፊሽ የተረፉትን እንዲፈልጉ ታዘዙ። ባርብ በመንገድ ላይ አንድ ኮንቮይ፣ ማለትም በአጃቢ የሚጓዝ የመርከቦች ጓድ፣ አጋጠማትና አንድ የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብና አንድ የነዳጅ መርከብ አሰጠመች፤ ለየትኛውም አዛዥ የዕድሜ ልክ ኩራት የሚሆን ሌሊት ነው። ከዚያ ወደ ፍለጋው ሄዱ። ባሕሩ ላይ በድን በየቦታው ይንሳፈፋል። አምስት ቀን ያለ ምግብና ያለ ውኃ በሳንቃ ላይ የቆዩ፣ ድፍድፍ ነዳጅ ሰውነታቸውንና ዓይናቸውን የሸፈናቸው ሰዎች አገኙ። አውሎ ነፋስ እየመጣ ስለነበር ጊዜ አልነበረም። ባርብ 14 ሰው አወጣች፤ ክዊንፊሽ 18።

ፍለኪ በቅኝት ሪፖርቱ ላይ ስለዚህ የጻፈውን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የነዚህን ሰዎች ሁኔታ ካየሁ በኋላ ከእነሱ አንዱን እንኳ ለማዳን ሲባል በጠላት የጦር መርከቦች ላይ የማደርገውን ጥቃት እተው ነበር የሚል ነው ፍሬ ነገሩ። ይህንን የጻፈው ተሸካሚ መርከብ ባሰጠመበት ሪፖርት ውስጥ ነው፤ አለቆቹ የሚያነቡት፣ ሹመት የሚወሰንበት ወረቀት ላይ። ድል በተጻፈበት ገጽ ላይ እንዲህ ብሎ መጻፍ ወደቡ ከመግባት ያላነሰ ልብ ይጠይቃል።

የመጨረሻው ዙር በጁላይ 1945 ነበር። በካራፉቶ፣ ማለትም ዛሬ ሩሲያ በያዘችው በደቡብ ሳኻሊን፣ ጠረፉን ይዞ የሚያልፍ ባቡር በፔሪስኮፕ፣ ከውኃ ሥር ሆኖ ላዩን በሚያሳየው መመልከቻ፣ ያያሉ። ባቡሩን ማፍረስ ይፈልጋሉ፤ ችግሩ ፈንጂውን የሚቀሰቅስ ሰው እዚያ መቅረቱ ነው። ፍለኪ ሰው ትቶ መሄድን አልተቀበለም። መፍትሔውን ያመጣው መኮንን አልነበረም፤ ቢሊ ሃትፊልድ የሚባል ኤሌክትሪሻን ነው። ልጅ ሳለ ሐዲድ ሥር ጠንካራ ፍሬ እያኖረ ባቡሩ ሲያልፍ ያስፈለቅቅ ነበር፤ ሐዲድ በባቡር ክብደት ወደ ታች ዝቅ እንደሚል ከዚያ ያውቃል። እንግዲያው ትንሽ ማብሪያ ከሐዲዱ ሥር ብናስቀምጥ ባቡሩ ራሱ ይጫነዋል አለ። ካፒቴኑ አዳመጠው። ብዙ መርከብ ላይ እንዲህ ያለ ሐሳብ የያዘ ሰው አለ፤ የሚጠይቀው ሲያጣ ዝም ብሎ ፈረቃውን ጨርሶ ይተኛል።

ስምንት ሰዎች ከየሥራ ክፍሉ ተመረጡ፤ ባለትዳሮችን በተቻለ መጠን ላለመላክ ተወሰነ። ፍለኪ ራሱ መሄድ ፈልጎ ነበር፤ መኮንኖቹ አዛዥ መርከቡን ጥሎ አይሄድም ብለው ከለከሉት፤ ሰማቸው። ሌሊት በጎማ ጀልባ ወረዱ፤ ሥራ ላይ እያሉ አንድ ባቡር ድንገት መጥቶ ቁጥቋጦ ውስጥ ተኝተው አሳለፉት፤ ተመልሰው ማብሪያውን አገናኙ። ወደ መርከባቸው እየቀዘፉ ሳለ ሁለተኛው ባቡር መጣና ፈነዳ። ባቡሩ ላይ ሰዎች ነበሩ፤ ይህንንም ሳልጽፍ አላልፍም። ስምንቱ በሙሉ ተመለሱ። በባርብ የጦር ባንዲራ ላይ ከመርከቦቹ ምልክት ጋር የባቡር ሥዕል ያለው ለዚህ ነው።

በዚያ ጦርነት አሜሪካ 52 ሰርጓጅ መርከቦችንና ከ3,500 በላይ ሰዎችን አጣች፤ ለቅኝት ከወጡት ከአምስቱ አንዱ አልተመለሰም ማለት ይቻላል። ፍለኪ ከከፍተኛው ሜዳይ ሌላ የባሕር ኃይል መስቀል የሚባሉ አራት ሜዳዮች ተሸልሟል። እሱ ይኮራ የነበረው ግን ተዋግቶ ለቆሰለ ወይም ለሞተ የሚሰጠው ፐርፕል ኸርት የሚባለው ሜዳይ በእሱ አዛዥነት ጊዜ ለአንድም የባርብ መርከበኛ ባለመሰጠቱ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ሪር አድሚራል የሚባለውን ከፍተኛ የባሕር ኃይል ማዕረግ አገኘ፤ የፓስፊክን ሰርጓጅ ኃይል አዘዘ፤ የባሕር ኃይሉን የስለላ ክፍል መራ። በ1972 ጡረታ ወጥቶ ከባለቤቱ ጋር ፖርቱጋል ውስጥ የወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ አቋቁሞ ሠራ። በ2007 በ93 ዓመቱ አረፈ።

የባርብ የቅኝት ሪፖርቶች ዛሬ ለማንም ክፍት ናቸው፤ እንግሊዝኛቸው የመርከብ መዝገብ እንግሊዝኛ ስለሆነ አያስቸግራችሁም። ስታነቡ ከናምክዋን አትጀምሩ። ከሴፕቴምበር 1944ቱ ጀምሩ፤ ከዚያ ወደ ሌሎቹ እለፉ፤ በየገጹም ስለ ሞተሮችና ስለ ቧንቧዎች የተጻፈውን አትዝለሉት። መርከብ ላይ ስትወጡም በመጀመሪያው ሳምንት ከፈረቃ ጓዶቻችሁ ከእያንዳንዱ ጋር ሥራ ቦታው ላይ ሄዳችሁ ተነጋገሩ፤ ስለ ማሽኑ የሚያውቀውን ጠይቁት፤ የነገራችሁንም ስሙን አብራችሁ በደብተራችሁ ጻፉ።